የበያጁ ማኅተም

በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ብልሽት ሲገኝ ሠሪው እንዲታወቅ፣ እያንዳንዱ በያጅ በብየዳው አጠገብ የራሱን ምልክት በመዶሻ መትቶ ያትም ነበር። አንድ ቀን የሥራ አስኪያጁ የአቶ ጥላዬ የሚስት ወንድም የበየደው ታንከር በሙከራ ላይ ውሃውን ዘረገፈው። ምልክት ገና አልተመታበትም ነበርና፣ አቶ ጥላዬ አንድ አንደበተ ስል በያጅ አስጠሩ።

«ምልክትህን ምታበት!» አሉት።

«እኔ አልበየድኩትም፣ ጌታዬ።»

«ማን በየደው ብሎ የሚጠይቅ የለም! ምልክቱ ያረፈበት ዕቃ የባለምልክቱ ነው። እምቢ ካልክ ከሥራህ ተሰናብተሃል።»

በያጁ እጅ ነሥቶ፣ መዶሻውንና ማተሚያውን ይዞ ወደ ውጭ አመራ።

«ወዴት ነው?»

«መኪናዎ ወደ ቆመችበት፣ ጌታዬ። ደንቡ እንዲህ ከሆነ፣ ከሚያፈሰው ታንከር በፊት እርሷን ላስቀድም ብዬ ነው።»