ለአመዴ የተከፈተው በር

ጆሮ ያለው ወዲህ ይጠጋ፤ የአንድ አህያና የአንድ በር ተረት አለኝ።

ዝናብ በማይለያት አንዲት ከተማ ጌጤ የምትባል ቆሎ ሻጭ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አመዴ የሚባል ሽማግሌ አህያ አጠገቧ ወደቀ። ማነከስ ሲጀምር ጌታው "ከእንግዲህ አይረባኝም" ብሎ ለቆት ሄዷል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይወርዳል። ጌጤ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመዴ የሚያድርበት ጥግ።

ከፊት ለፊቷ የእድሩ ግቢ አለ። የለቅሶ ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጥበት፣ ጣራ ያለው ሰፊ ግቢ ነው። ቁልፉ ግን ከዘበኛው ከጋሽ ድንበሩ ወገብ አይወርድም።

"ጋሼ፣ አመዴን ጅብ ሊበላው ነው፤ በሩን ይክፈቱልኝ።"

"እድር የሚከፈተው ለሞተ ነው። ይኼ እኮ ይተነፍሳል!"

"እና እስኪሞት ልጠብቅ?"

"እኔ ምን አውቄ? ዳኛው ካላዘዙኝ አልከፍትም።"

ጌጤ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ጎሹ ሮጠች። "ጋሽ ድንበሩ በር አልከፍትም አሉ፤ ጅቡም አይጠብቅም፤ እባክዎ ይዘዙልኝ!"

"ደንቡ ሳይነበብ ቃል አልሰጥም" አሉ አቶ ጎሹ። "ባለፈው ሳላስነብብ አንድ ድስት ባውስ ስንት ወሬ ሰማሁ! ጸሐፊው ያንብቡ።"

ጌጤ ወደ ጸሐፊው ወደ መምህር አዳፍሬ ሮጠች። "ጋሽ ድንበሩ በር አልከፍትም አሉ፤ አቶ ጎሹ ቃል አልሰጥም አሉ፤ ጅቡም አይጠብቅም፤ ደንቡን ያንብቡልኝ!"

"በምን ዓይኔ፣ ልጄ? ያቺ ጥቁር ውሻ መነጽሬን ከነቆዳ ማኅደሩ ይዛብኝ ሄደች። ያለ መነጽር አላነብም።"

ጌጤ ወደ ውሻዋ ሮጠች። ውሻዋ ከተበላሸ መኪና ሥር ተኝታለች። "ጋሽ ድንበሩ በር አልከፍትም አሉ፤ አቶ ጎሹ ቃል አልሰጥም አሉ፤ መምህር አዳፍሬ ደንብ አላነብም አሉ፤ ጅቡም አይጠብቅም፤ መነጽሩን መልሺልኝ!"

ውሻዋ ጥርሷን አሳየች። "ልጆቼ በስብሰው ይንቀጠቀጣሉ። እነሱ ሳይሞቁ መነጽር አልመልስም።"

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ጌጤ ከዚህ ወዲያ የምትሮጥበት አልነበራትም። ተመልሳ አመዴን ነጠላዋን አለበሰችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ጋሽ ድንበሩ በር አልከፍትም አሉ፤ አቶ ጎሹ ቃል አልሰጥም አሉ፤ መምህር አዳፍሬ ደንብ አላነብም አሉ፤ ውሻዋ መነጽር አልመልስም አለች፤ ቡችሎቹ ሙቀት አላገኙም፤ ጅቡም አይጠብቅም። ምን ላድርግህ፣ አመዴ?"

አመዴ ራሱን ቀና አደረገ። "ያቃተኝ መቆም ነው እንጂ ሆዴስ ይሞቃል። ይምጡ።"

ጌጤ ቆሎዋን መሬት ላይ ደፋችው። ቡችሎቹን በባዶው ቅርጫት አመጣችና ከአመዴ ሆድ ሥር አስገባቻቸው።

ያን ጊዜ ቡችሎቹ ሞቁ፤ ቡችሎቹ ሲሞቁ ውሻዋ መነጽሩን መለሰች፤ ውሻዋ መነጽሩን ስትመልስ መምህር አዳፍሬ አቶ ጎሹን ይዘው መጥተው እድሩ በር ላይ ደንቡን አነበቡ፦ "የእድሩ ግቢ፣ እድሩን ላገለገለ ሁሉ በችግሩ ቀን ይከፈታል።"

"አህያም ይጨምራል?" አሉ ጋሽ ድንበሩ።

"አሥራ አምስት ዓመት ድንኳኑን ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት የተሸከመው ማን ነው? አንተ ነህ?" አሉ መምህር አዳፍሬ።

አቶ ጎሹ አንገታቸውን ደፉ። "እናቴ የሞተች ጊዜ እንዲህ ይዘንብ ነበር። ድንኳኑን ያደረሰልኝ እሱ ነው። ድንበሩ፣ ክፈት!"

አቶ ጎሹ ቃል ሲሰጡ ጋሽ ድንበሩ በሩን ከፈቱ። አመዴን በራሱ ድንኳን ሸራ ላይ አድርገው እየጎተቱ አስገቡት፤ ቡችሎቹ ሆዱን አንለቅም ብለው አብረው ተጎተቱ። ጅቡ ሲመጣ ያገኘው የራሰ ቆሎ ብቻ ነበር።

በማግስቱ አንዲት ሴት ዓይኗ የጠፋ ድመት አቅፋ መጣች። ከዚያ አንድ ሰው ክንፉ የተሰበረ አሞራ በካርቶን ይዞ መጣ። እድሩ ለሞተ ድንኳን ይተክላል፤ ግቢው ግን የቆሰለ እንስሳ ሁሉ መጠጊያ ሆነ።

ጋሽ ድንበሩም ዛሬ በሩ ሲንኳኳ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ።

"ይተነፍሳል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያስ ግቡ።"

ተረቴን ጨረስኩ፤ ስትወጡ በሩን እንዳትዘጉት።