ቢጫው ሞላ

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አቶ ጉልላት የሚባሉ የጋራዥ ባለቤት ነበሩ። ሦስት ልጆችና አንዲት ቀይ አሮጌ የውድድር መኪና ነበሯቸው። ከልጆቹና ከመኪናዋ ማንን ያስበልጡ ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ዓይናቸው የደከመ ጊዜ ልጆቻቸውን ኮፈኑ ፊት ሰበሰቡና፣ «ከእንግዲህ እኔ መሪ አልይዝም» አሉ። «ይቺን መኪና ደንገጎ ተራራ ጫፍ በደህና ያደረሳት ልጅ ቁልፉን ይወስዳል። ቃሌ ነው።»

ታላቁ ሽመክት ልቡ ዘለለ። ከሱ ሌላ ማን አለ? ጥርሱን ሳይነቅል ጀምሮ ያደገው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። አባት ግን ወደ ትንሹ ዞሩ። «ይድነቃቸው ይንዳት፤ እጁ ቀላል ነው። ሐመልማል ሞተሩን ታዘጋጅ። አንተ ሽመክት... አንተ ጎማዎቹን እያቸው።»

ጎማ! ለበኩር ልጅ ጎማ! ሽመክት «እሺ አባባ» ብሎ ጎንበስ አለ። ግን ምን አለባብሰዋለሁ፣ በወንድሙም በእህቱም ቀና።

መካከለኛዋ ሐመልማል ሥራዋን ጀመረች። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው ያለው። መኪናዋ አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚነፋ ሱፐርቻርጀር ተገጥሞላታል። ነጂው እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሳ ያ የታፈነ አየር መውጫ ያጣል። ሐመልማል ይህን አየችና አየሩን የሚያስወጣ ቫልቭ አስመጥታ ገጠመች። እግር ሲነሳ ሞተሩ ቫልቩን ስቦ ይከፍተዋል፤ ዘግቶ የሚይዘው ደግሞ ሞላ የሚባለው ጥምዝ ሽቦ ነው። ሞላው ከላላ መኪናዋ ጉልበት በምትፈልግበት ሰዓት አየሩ ሹልክ ይላል፣ መኪናዋም ታለከልካለች። ከጠነከረ ደግሞ ቫልቩ አልከፈትም ይላል፤ አየሩ ተመልሶ ይመታና ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ይበጥሳል። መሪውን የሚያቀልለውም ያው ቺንጋ ነው። ደንገጎ ገደል አፍ ላይ መሪ እምቢ ሲል ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ እንዴ? ተዉት።

ከቫልቩ ጋር ሦስት ሞላዎች መጥተው ነበር፦ ጠንካራው ቀይ፣ መካከለኛው ሰማያዊ፣ ለስላሳው ቢጫ። ሐመልማል ሞተሩን አስነስታ፣ መለኪያ ሰክታ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች። ከዚያ «ሰማያዊው ነው» አለች። ገጥማ ከዚራ ሰፈርን አዞረቻት። እግሯን ባነሳች ቁጥር ቫልቩ ፍስስ ይላል፣ መኪናዋ ደግሞ ትበራለች። አቶ ጉልላት ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት። ሽመክት ከጎማው ሥር ሆኖ ያያል። እሱን የሳሙት መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው።

ሁሉም ለምሳ ሲሄዱ ሽመክት «ጎማ ይቀረኛል» ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ቫልቩን ፈታ፣ ሰማያዊውን ሞላ አወጣ፣ ቢጫውን ከተተ። ሰማያዊውን ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው። ወንድሜ ገደል ይግባ አላለም፤ ይህን እኔም እመሰክርለታለሁ። የፈለገው መኪናዋ ዳገቱ ላይ እያለከለከች እንድታሳፍራቸው ነው። ያኔ አባቱ «ምነው ለሽመክት በሰጠሁት» ይላሉ ብሎ ነው።

የመውጫው ቀን ደረሰ። ይድነቃቸው ቀይዋን ይዞ ቀደመ፤ አባትና ሁለቱ ልጆች በፒካፕ ተከተሉት። ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ ትንሽ ሰነፈች። ሽመክት በሆዱ ሳቀ። ወደ ላይኞቹ ጠመዝማዛዎች ሲደርሱ ግን ከአንዱ ኩርባ ጀርባ የግመል መንጋ መንገዱን ሞልቶ ጠበቃቸው። ይድነቃቸው እግሩን ከነዳጅ ላይ ነቀለ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ ቫልቩም ፍስስ አለ። የኋላ ጎማው ገደሉን ታኮ ተንሸራተተ። «ይድኔ!» ብሎ የጮኸው ሽመክት ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ። ሲገልጠው ቀይዋ በግመሎቹና በገደሉ መካከል ባለች ቀጭን ቦታ ሾልካ ሽቅብ ትሄዳለች።

«የኔ አንበሳ!» አሉ አቶ ጉልላት እያጨበጨቡ። ሽመክት ያን ሲሰማ ያ የወንድምነት ድንጋጤው ወዲያው ጠፋ፤ ቅናቱ ተመልሶ መጣበት።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ አባት ይድነቃቸውን አቅፈው አልለቅ አሉ። ሐመልማል ግን ፊቷ አልፈታም። «ዳገቱ ላይ አየር ሲያፈስ ነበር፤ የኔ ሞላ እንዲህ አያደርግም» አለችና ቫልቩን ፈታች። ቢጫ!

«ማነው የነካብኝ? ሰማያዊው ቢሆን ኖሮ በርረን እንደርስ ነበር! አሁን እዚህ ቢኖረኝ አሳያችሁ ነበር!»

ሽመክት ዝም ማለት ይችል ነበር። እጁ ግን ኪሱ ገባ። «ይኸው» አለ።

«ክተቺው» አሉ አባት። ሐመልማል ከተተችው፣ መኪናዋ በቆመችበት ሞተሩን አስጮኸችና ድንገት እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። ቫልቩ ንቅንቅ አላለም። ቺንጋው ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ሐመልማል የተበጠሰውን ቺንጋ አነሳች። «እዚህ ላይ አየሩ ይሳሳል» አለች ቀስ ብላ። «ሞተሩ ቫልቩን ስቦ የሚከፍትበት ጉልበት ያንሰዋል። እኔ የለካሁት ታች ቆላው ላይ ነው።» ይድነቃቸው ግመሎቹ ፊት መሪው እምቢ ቢለው ኖሮ ብሎ አሰበና ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ።

አቶ ጉልላት ወደ ሽመክት ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ልጄ፣ አንተ ተራራውን አስበህ ነው አይደል? ለኔ እንኳ አልታየኝም እኮ!»

እናንተዬ፣ ሽመክት ዕድሜውን ሙሉ አባቱ እንዲህ እንዲያዩት ሲጠብቅ ኖሯል። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አፉ ድረስ መጥታ ነበር።

«አይደለም አባባ» አለ። «እንዲያፍሩ ብዬ ነው። ቀንቼ ነው።»

አባት ቁልፉን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

«ግመሎቹ መሃል መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ይድነቃቸው። «ሞላ መኪና አይነዳም።»

«ቫልቩን አስቤ ባልገጥም ቢጫውስ የት ይገባ ነበር?» አለች ሐመልማል። «ከታች ሳንነሳ ነበር ቺንጋው የሚበጠሰው።»

የሽመክት ዓይን ከቁልፉ ላይ አልተነሳም፤ እውነቱን ተናግሮም አሁንም ይቀና ነበር።

እንግዲህ አቶ ጉልላት ቃላቸው «በደህና ያደረሳት ልጅ» የሚል ነው። አንዷ አሰበች፣ አንዱ ነዳ፣ አንዱ በክፋት ያደረገው ሕይወት አተረፈ፤ ሲጠየቅም አልዋሸም። ቺንጋ እስኪመጣላት ቀይዋ መኪና ደንገጎ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ሽማግሌውም ቁልፉን እንደጨበጡ ናቸው። በሉ ፍረዱ፤ ቁልፉ ለማን ይገባል?