ትልቁ ኢዮስያስ መቼ ይመጣል?

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ስሙ መርዕድ ይባላል። አንገቱ ላይ ሜትር ሳይጠመጥም፣ ኮሌታው ላይ መርፌ ሳይሰካ፣ ኪሱ ውስጥ ትንሿን መቀስ ሳይጨምር ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ለቅሶ ሲሄድ እንኳን ሜትሩን ማውለቅ እየረሳ ሚስቱ ዘውድነሽ ከበር ላይ ትመልሰዋለች። ሙያው ግን አይታማም። የከተማው ሰው ልጁንም ሙሽራውንም የሚያለብሰው እሱ ዘንድ ነው። አንድ ሰው የተሰፋለትን ሱሪ "ጠበበኝ" ብሎ ከመለሰ ሰውየው ወፍሯል ማለት ነው እንጂ መርዕድ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ይህን የሚለውም ራሱ መርዕድ ነው።

ይህ ሰው መንታ ልጆች ነበሩት፤ ሴቷ ትርሲት፣ ወንዱ ኢዮስያስ። ትርሲት ገና በእግሯ ሳትሄድ በአፏ ቤቱን ታስተዳድር ነበር። ኢዮስያስ ግን ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው። የሚፈልገውን ሁሉ እህቱ ትናገርለታለች። "ውሃ ጠምቶታል" ትላለች። "እንቅልፉ መጥቷል" ትላለች። "ሽሮ አልበላም እያለ ነው" ትላለች፤ ይሄኛው እንኳን ብዙ ጊዜ የራሷ ጉዳይ ነው።

መርዕድ ልጆቹን ሲወድ ለጉድ ነው። እሱ ራሱ የብዙ ወንድሞች ታናሽ ሆኖ ነው ያደገው። ልብስ የሚደርሰው ሁሉም ለብሰው ከጨረሱት በኋላ ስለነበር፣ ሱሪው ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቀራል። የሰፈር ልጆች "ወንዝ ልትሻገር ነው ወይ?" እያሉ ይስቁበት ነበር። ያ ሳቅ ካደገም በኋላ ከጆሮው አልወጣም። ስለዚህ የራሱን ልጆች ሲወልድ ማለ፤ አጭር ልብስ በልጆቼ ገላ ላይ አይታይም አለ።

መሐላውን ደግሞ ጠበቀ፣ ኧረ እንዲያውም አበዛው! የትርሲት ቀሚስ መሬት ይጠርጋል። የኢዮስያስ እጅጌ ጣቶቹን አልፎ ይወዛወዛል። ዘውድነሽ ስትቆጣ መልሱ አንድ ነው፤ "ተይው፣ ያድጉበታል።" የሌላውን ሰው ልጅ ሁሉ አቁሞ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ ክንዱን ሲለካ የሚውለው ሰውዬ የራሱን ልጆች ግን አንድ ቀን እንኳን ለክቷቸው አያውቅም። "ምን ያስለካል? ዛሬ ብለካቸው ነገ ይረዝሙብኛል" ይላል።

ነገሩ በልብስ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። አልቀረም። ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት ከገቡ በኋላ ዘውድነሽ በየቀኑ አንድ የምትደሰትበት ነገር አታጣም። ትርሲት ጫማዋን ራሷ አሰረች፤ እናት እልል አለች። ኢዮስያስ ቀይና ቢጫን ለየ፤ እናት አቅፋ አሽከረከረችው። መርዕድ ግን ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ፈገግ ይልና "ገና ምኑ ተነካ! ትልቁ ኢዮስያስ ሲመጣ ነው ጉዱ" ይላል። ትልቁ ኢዮስያስ ዶክተር ነው። ትልቁ ኢዮስያስ ጋዜጣ ያነባል። ትልቁ ኢዮስያስ ይሄን ኮት ሲለብሰው ልክክ ይልበታል። በመርዕድ ሐሳብ ይሄ ሁሉ ፍቅር ነበር፤ ነበርም።

አንድ ቀን ከሰዓት ኢዮስያስ ሱቁ ድረስ መጥቶ አባቱ ፊት ቆመ። ማንም ሳይለምነው፣ እህቱም ሳትናገርለት፣ በራሱ አፍ ከአንድ እስከ አስር ቆጠረ። ሰባትን ዘሏታል እንጂ ሌላው ልክ ነው። ከኋላው የቆመችው ዘውድነሽ እንባዋ መጣ፤ የዚህን ልጅ ድምፅ ይሄን ያህል ረዝሞ ሰምታው አታውቅም ነበር።

መርዕድም ደስ አለው፤ ግን አመሉ አለቀቀውም። "ሰባት የት ሄደች?" አለና ሳቀ። "ግድ የለም፣ ትልቁ ኢዮስያስ ሲመጣ እስከ ሺህ ይቆጥርልኛል።"

ኢዮስያስ ዞር ብሎ የሱቁን በር አየ። ከዚያ በጨርቅ ቁርጥራጮቹ መጫወት ጀመረ። መርዕድ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ዓመቱ እያለቀ ሲመጣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምረቃ ደረሰ። እንደምታውቁት በዚህ ዘመን ልጅ የሚመረቀው የወተት ጥርሱን ሳይጥል ነው፤ ጋውን አለ፣ ቆብ አለ፣ ፎቶ አለ። የልጆቹን ሁሉ ጋውን እንዲሰፋ የታዘዘው መርዕድ ነበር። ክፍላቸው ድረስ ሄዶ አንድ በአንድ እያቆመ ለካቸው። ሲስቁበት እየሳቀ፣ ሲያመልጡት እየያዘ ለሁሉም በልካቸው ሰፋ። የራሱ ሁለት ልጆች ጋር ሲደርስ ሜትሩን አንገቱ ላይ መልሶ ጨርቁን በግምት አስረዝሞ ቆረጠው።

ዘውድነሽ ጋውኖቹን አንስታ ዘረጋቻቸው። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጋውን ነው ወይስ ድንኳን?"

"ያድጉበታል።"

"ጋውን የሚለበሰው አንድ ቀን ነው! በአንድ ቀን ምን ያህል እንዲያድጉልህ ነው?"

"ስምንተኛ ክፍል ሲጨርሱ ደግመው ይለብሱታል" አለ መርዕድ፣ ፍጹም በእርጋታ።

የምረቃው ዕለት ግቢው በፊኛ አሸበረቀ። ድንኳን ተተከለ፣ መድረክ ተሠራ፣ ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ጮኾ ሁሉንም አስደነገጠ። ወላጅ ሁሉ ያለውን ለብሶ ተደርድሯል። አስተማሪያቸው ቲቸር ራሔል ገና በር ላይ መርዕድን ስታገኘው እጁን ያዘችው። "ጋሽ መርዕድ፣ ዛሬ ከፊት ይቀመጡልኝ። ኢዮስያስ ስሙን በራሱ ይናገራል። ዓመቱን ሙሉ ለዚህች ቀን ነው የለፋነው። ሰው ፊት ዛሬ ከደፈረ፣ አንደኛ ክፍል ሲገባ ማንንም አይፈራም።" መርዕድ ልቡ ዘለለ። ከፊት ተቀመጠ።

መጀመሪያ ትርሲት ተጠራች። ጋውኗን በሁለት እጇ ሰብስባ ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ ቆቧን ወደ ማጅራቷ ገፍታ ወጣች። ስሟን ተናገረች፣ ፊደል ቆጠረች፣ ዘመረች፣ ለጥ ብላ እጅ ነሳች። ማይክሮፎኑን ግን አልመልስም ብላ ቲቸር ራሔል በዘዴ ነው የወሰደችባት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

"ቀጥሎ ኢዮስያስ መርዕድ!"

ማንም አልወጣም።

"ኢዮስያስ! ና የኔ ጎበዝ!"

አሁንም የለም። ሰው መተያየት ጀመረ። ከኋላ አንዷ "ውይ፣ ያ የማይናገረው ልጅ ነው እኮ" ስትል መርዕድ ሰማት። አጥንቱ ድረስ ተሰማው። ብድግ ብሎ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ገባ።

ኢዮስያስ ትንሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አላለቀሰም፣ አልተደበቀም። ጋውኑን አልለበሰውም፤ በሥርዓት አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል፣ ቆቡንም ከላዩ ጭኖበታል። ዓይኑ የግቢው በር ላይ ነው።

"ምነው ልጄ? አመመህ?"

ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

"ፈራህ እንዴ? እኔ አለሁ አይደል? ልብሱን ልበስና እንሂድ።"

ኢዮስያስ ጋውኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ያኔ ትርሲት ጋውኗን እየጎተተች ከመድረኩ ወርዳ ደረሰች። እንደ ልማዷም ስለ ወንድሟ ተናገረች።

"አባዬ፣ እሱ እኮ እየጠበቀ ነው።"

"ማንን?"

"ትልቁን ኢዮስያስን ነዋ! ልብሱ የሱ አይደለ? እንዳይቆሽሽበት ነው የያዘለት። ሲመጣ ለብሶ ይወጣል።"

መርዕድ መጀመሪያ ሳቁ መጣ። ከዚያ የልጁን ፊት አየና ሳቁን ተወው። ልጁ አልቀለደም። እነዚያ ሁሉ ሰፋፊ ልብሶች፣ እነዚያ "ትልቁ ኢዮስያስ ሲመጣ" የሚሉ ወሬዎች፣ ሱቁ ውስጥ ያን ቀን ዞር ብሎ በሩን ማየቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። ይሄ ልጅ አባቱ ሌላ ልጅ እየጠበቀ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። የሚያነብ፣ የሚረዝም፣ ሰባትን የማይዘል ሌላ ልጅ።

ይባስ ብሎ ኢዮስያስ ራሱ አፉን ከፈተ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈለገ ጠየቀ።

"አባዬ፣ እሱ ሲመጣ እኔ የት ነው የምተኛው?"

መርዕድ ተንበረከከ። በሕይወቱ እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም፤ በዚያች አጭር ሱሪ ሲስቁበት እንኳን እንዲህ አላፈረም። ቃል የጠፋው ሰው እጁ የሚያውቀውን ይሠራልና፣ ሜትሩን ከአንገቱ አወለቀ።

"ና፣ ቁምልኝ" አለ።

ትከሻውን ለካው። ክንዱን ለካው። ከማጅራቱ እስከ ጉልበቱ ለካው። ብብቱ ሥር ሲደርስ ኢዮስያስ ኮርኩሮት ሳቀ፤ መርዕድም እንባው በዓይኑ እንደሞላ አብሮት ሳቀ። "ወይ ጉድ! ይሄ ትከሻ መቼ ነው እንዲህ የሰፋው? ትርሲት፣ ይሄን አየሽ?" አለ። ደግሞ ከልቡ ነው የገረመው። የሰው ልጅ ሲለካ ኖሮ፣ የራሱ ልጅ አጠገቡ እንዲህ ማደጉን አላየም ነበር።

ከዚያ ጋውኑን አነሳና መቀሱን ከኪሱ አወጣ። መርዕድ ጨርቅ ሲቆርጥ ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አላሰበም። ቀጭ! ቀጭ! አድርጎ ታቹን ቆረጠው፣ እጅጌውንም ቆረጠው።

"ስማኝ ልጄ። ያ ሰውዬ አይመጣም። ድሮም አልነበረም፣ እኔ ነኝ በአፌ የፈጠርኩት። እኔ የምጠብቀው ሌላ ልጅ የለም። የኔ ልጅ አንተ ነህ፤ ይሄው በሜትር ለክቼሃለሁ።"

መርፌውን ከኮሌታው ነቅሎ ጫፉን ያጥፍ ጀመር። ቲቸር ራሔል በመጋረጃው አጮልቃ አየችና ገባት። ጊዜ ለመግዛት ትርሲትን መልሳ ወደ መድረክ ላከቻት። ትርሲት ለዚህ ልመና አላስፈለጋትም፤ የምታውቀውን መዝሙር ጨርሳ የማታውቀውን ጀመረች።

ስፌቱ የችኮላ ስፌት ነበር። ጠማማ ነው፣ ክሩም ይታያል። መርዕድ በዕድሜው የሰፋው አስቀያሚ ስፌት እሱ ነው። ግን ኢዮስያስ ሲለብሰው እጆቹ ታዩ፣ እግሮቹም ታዩ። ልጁ ራሱን ዝቅ ብሎ አየና ሁለቱን መዳፎቹን ገለባብጦ ተመለከታቸው።

ኢዮስያስ ወደ መድረኩ ሲወጣ መርዕድ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ልጁ ማይክሮፎኑን ከእህቱ ተቀበለ። ዘውድነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትንፋሿን ያዘች።

"እኔ... ኢዮስያስ መርዕድ... እባላለሁ።"

ዘውድነሽ እልልታውን ልትለቀው ስትል ልጁ እጁን አነሳ፤ አልጨረሰም ነበር።

"ትልቁ ኢዮስያስ አይመጣም። አባዬ በመቀስ ቆረጠው።"

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። ማንም ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ግን ሁሉም ሳቀ። መርዕድ ግን ከወንበሩ ተነስቶ በዚያ በጎርናና ድምፁ "እልልልል!" አለ። አጠገቡ የነበሩት አዛውንት "ኧረ አንተ፣ እልልታ የሴት ነው!" ቢሉት "ዛሬ የኔም ነው!" ብሎ ቀጠለ። ኢዮስያስም በሰው ጩኸት ተበረታትቶ ከአንድ እስከ አስር ቆጠረ።

"ሰባትን ዘለላት እኮ" አለች ከኋላ ያቺው ሴት።

"ይዝለላት!" አለ መርዕድ ዞሮ፣ ፊቱ በሙሉ ሳቅ ሆኖ። "ስድስቱን አልሰማሽም? ስምንቱንስ?"

ቤት ሲደርሱ ትርሲት ጋውኗን ሳታወልቅ መሐል ወለል ላይ ቆማ እጆቿን ዘረጋች። "እኔስ? እኔ አልለካም?" መርዕድ ለካት። ከወንድሟ በአንድ ጣት ትበልጣለች፤ ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ አወጀችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መርዕድ የቆረጣትን የጋውን ጨርቅ ከስፌት መኪናው በላይ ሰቅሏታል። ወላጅ መጥቶ "ለልጄ ሰፋ አድርገህ ስፋልኝ" ሲለው እሺ ይላል፤ የዝናብ ጃኬትና ዩኒፎርም ቢያድጉበት ምን ክፋት አለው? "ግን መጀመሪያ ልጁን አምጡልኝና ልለካው" ይላል። ሲለካም "አቤት፣ እንዴት አድገሃል!" ሳይለው አይለቀውም። የራሱን ልጆች ነገርማ ተዉት። ትርሲት አንድ ፊደል ስትጽፍ ስፌቱን ያቆማል፤ ኢዮስያስ ለመንገደኛ "ደህና ዋሉ" ሲል መንገደኛውን አስቁሞ ሻይ ይጋብዘዋል። ዘውድነሽ ራሷ "አሁንስ አበዛኸው" ማለት ጀምራለች።

እናንተዬ፣ ለልጆቻችን ትልቅ ነገ መመኘት የወላጅ ወግ ነው፤ ማንም አይከለክለንም። ግን ነገ የምንጠብቀውን ትልቅ ሰው ስናሞግስ፣ ዛሬ ፊታችን ቆሞ "እዩኝ" የሚለውን ትንሽ ልጅ ቦታ እንዳናሳጣው። ልጅ የሚያድገው ዛሬ ባለበት ልክ ሲታይለትና እልል ሲባልለት ነው። ያ ትልቁ ሰው አንድ ቀን ከመጣም ከዚህ ከትንሹ ውስጥ እንጂ በሌላ በር አይመጣም።

ለመሆኑ፣ የእናንተ ልጅ የዛሬ ልኩ ስንት ነው?