የብርቅነሽ ቁና

ከቡልጋ ቆላ ወደ አዋሽ ሲወረድ፣ ቀይ አፋፍ ከምትባለው መንደር ግርጌ፣ ሰው የማያርሰው ከብትም የማይወደው ጥቁር የድንጋይ ሜዳ አለ። ድንጋዩ በቀዳዳ የተሞላ፣ ጫማ የሚበላ፣ እግሩን ለሳተ ሰው ቁርጭምጭሚት የማይምር ነው። ከሜዳው መካከል ግን ጥቂት ክትክታ የበቀለበት ቀላ ያለ አፈር ይታያል፤ ስሙም የብርቅነሽ ቁና ይባላል። በቀይ አፋፍ ሰው ሲሞት፣ ከተቆፈረው መቃብር የወጣው አፈር አንድ ቁና ይሰፈርና ለሟቹ የቅርብ ዘመድ ይሰጣል፤ ዘመዱም ከቀብር መልስ ቤቱ ሳይገባ ወደ ጥቁሩ ሜዳ ወርዶ አፈሩን እዚያ ይገለብጣል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ፣ ድንጋይ ላይ አፈር መድፋት ምን የሚሉት ልማድ ነው ብሎ ይስቃል። የአገሬው ሰው አይስቅም።

እንደሚነገረው ያ ሜዳ ድሮ የእርሻ መሬት ነበር። ባለርስቱ ደባልቄ የሚባል ገበሬ ሲሆን ብርቅነሽ ደግሞ ሚስቱ ነበረች። በዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ባጸኑት ሕግ፣ ከጣሪያው ጭስ የጠፋ ቤት ባለቤቱ ርስቱን እንደተወ ይቆጠርና መሬቱ ለዘመድ ይከፋፈል ነበር። ሕጉ የወጣው አገሩን ጥሎ ለሚኮበልል ሰው ነው፤ መሬቱ ራሱ ባለቤቱን የሚያሳድድበት ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ ሽማግሌ አልነበረም፤ ቢያስብማ መልካም ነበር። ከዚህ የተነሳ ቀይ አፋፍ ላይ ሰው የጎረቤቱን ጤንነት የሚጠይቀው በአፉ ሳይሆን በዓይኑ ነበር። ማለዳ ቀና ብሎ ያያል፤ ጭስ ካለ ቤቱ ደህና ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል።

አንድ በጋ ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰነበተችና ከተራራው ሥር ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ ተፋች ይባላል። ዛሬ የተማሩት እሳተ ገሞራ ይሉታል። አመጣጡ እንደ ጎርፍ አልነበረም፤ ከድስት እንደሚገነፍል ገንፎ እየተንከባለለ፣ ላዩ እየጠቆረ፣ ውስጡ እየቀላ፣ ቀስ ብሎ ነበር የመጣው። ሰዉን ያሳሳተው ያ ዝግታው ነው። መንደሩ ሁሉ ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ አፋፉ ሲወጣ ደባልቄ ከደጁ አልነቃነቅ አለ። ታላቅ ወንድሙ ሀብትይመር በዚያ መሬት ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷልና።

«አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ፤ እኔ ምድጃውን እጠብቃለሁ» አላት።

«ሰውዬ፣ እሳት እየመጣብህ ምድጃ ትጠብቃለህ?»

«እሳቱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሀብትይመር ግን አይቆምም። ጭሴ የጠፋ ቀን መለኪያ ገመዱን ይዞ ነው የሚመጣው።»

ብርቅነሽ ለመነችው፣ ተቆጣችውም። ግን እርሷም መሬቱን ትወደው ነበር፤ ልጇን መሬት አልባ ማድረግ አልሆነላትም። በመጨረሻ ኩበቱን ከምድጃው አጠገብ ቆልላ፣ ቆሎና ውሃ አስቀምጣለት፣ ልጇን አዝላ ወጣች።

«በየማለዳው ጭስህን አያለሁ» አለችው።

«እይው። ጭሱን እስካየሽ ድረስ አለሁ።»

ከአፋፉ ላይ ሆና በየማለዳው ታይ ነበር፤ ጭሱም ነበረ። አንዳንዶች ጠጋ ብለን እንጥራው ሲሉ ሽማግሌዎቹ፣ ጭሱ እየታየ ምን ሆነ ብላችሁ ነው፣ እያሉ መለሷቸው። ሀብትይመርም ያይና ከንፈሩን ነክሶ ይመለሳል። አንድ ማለዳ ጭሱ ከወትሮው ወፍሮ ታየ። ብርቅነሽ «ዛሬ ደግሞ እርጥብ እንጨት አግኝቷል መሰለኝ» ብላ ሳቀች፤ ጎረቤቶቿም አብረዋት ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዕለተ ሞቷ ከጆሮዋ አልወጣም ይባላል። ነፋስ ተነስቶ ጭሱን ሲገልጠው ከሥሩ ጣሪያ አልነበረም። ቤት የለም፣ በረት የለም፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ተነጥፎ በየስንጥቁ ይጨሳል። እሳቱ ወንዙን ሞልቶ በሁለት በኩል ዞሮ ሰውየውን መውጫ አሳጥቶት ኖሯል። ቤቱ መቼ እንደተዋጠ፣ ያየችው ጭስ እስከ የትኛው ማለዳ የባሏ፣ ከየትኛው ማለዳ ጀምሮ የድንጋዩ እንደሆነ የነገራት የለም።

ድንጋዩ እግር እስኪያስረግጥ ክረምት አለፈ። ከዚያ ነፍስ አባቷን አባ ወልደ ጻዲቅን ይዛ ወረደች። አባ ጸሎቱን አደረሱ፤ በመጨረሻ ከሟቹ ላይ አፈር ለመበተን ጎንበስ ቢሉ እጃቸውን የሚሞላ አፈር አጡ። ብርቅነሽ ባዶ እጃቸውን አየች።

«አባ፣ እንዲሁ ድንጋይ ለብሶ ሊቀር ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ይሄ ድንጋይ አፈር የሆነ ዕለት ያን ጊዜ አፈር ይለብሳል» አሏት። ሊያጽናኗት ነው እንጂ ሥራ ሊሰጧት አልነበረም። እርሷ ግን ሥራ አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ድንጋዩ እንዲበሰብስላት በቁናዋ ፍግና አመድ፣ በእንስራዋ ውሃ እያመላለሰች ቤቷ ከነበረበት ላይ ታፈስ ጀመር። በእሳት አግለሽ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሺበት ቶሎ ይሰነጠቃል ያሏት ነበሩ። «እሳትስ ይብቃው» አለቻቸው። መንደሩ አበደች አለ፤ እርሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ ቀን ሀብትይመር ከአፋፉ ወርዶ አጠገቧ ቆመ።

«ብርቅነሽ፣ ድንጋይ ሲበሰብስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቁናዋን አስቀምጣ ወደ ሜዳው ዳር ወሰደችው። እዚያ በአያቶቻቸው አያቶች ዘመን የፈሰሰ የሚባል አሮጌ ድንጋይ ነበር። ግራጫ ሻጋታ ለብሷል። ቁራሽ አንስታ በጣቶቿ ብታሸው ተፈረከሰና ቀይ ሆኖ በመዳፏ ላይ ቀረ።

«ይኸውልዎ ጋሼ። ማረሻችን ሲያወጣው የኖረውን ጥቁር ጠጠር ረሱት? ደባልቄ የሞተለት፣ እርስዎም ዓይንዎን የጣሉበት አፈር እንዲህ ያለ ድንጋይ ነበር። ይበሰብሳል። እኔ ነኝ የማልደርስበት።»

ሀብትይመር አንገቱን ደፍቶ ሄደ። መለኪያ ገመዱንም ከዚያ ወዲያ በእጁ ያየው ሰው የለም።

ፍጉን ዝናብ እየጠረገው በየስንጥቁ ይሰወራል፤ እርሷ ደግሞ ታመጣለች። ልጇ አግብታ ወለደች፤ እርሷ ጎበጠች። በስተርጅናዋ ከአንዱ ስንጥቅ አንዲት ክትክታ በቀለች። ብርቅነሽ ከሥሯ የተፈረከሰውን በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ ብትሰበስበው አንድ ጭብጥ አልሞላም። ያንኑ በተነችው፤ ነፋስም ወሰደው። ያን ጊዜ ተቀምጣ አለቀሰች አሉ፤ በዚያው ወር ሞተች።

መቃብሯ ሲቆፈር ሀብትይመር በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ነበር። ቁናዋን አስመጣ፤ ከመቃብሯ በወጣው አፈር ሞላውና ማንም እንዳያግዘው ከልክሎ እየወደቀ እየተነሳ ሜዳው ላይ አደረሰው። ከክትክታዋ ሥር ገልብጦም «መሬትህን ስመኝ ኖሬ አንድ ቁና አመጣሁልህ፤ የሚስትህ ነው፤ ልበሰው» አለ ይባላል። ልማዱ ከዚያ ጀመረ።

ዛሬ ያ አፈር አንድ ሰው ቢጋደምበት ልክ ይሆናል። ወራሾቹ ቢቆጠሩ መንደሩ ሁሉ ነው፤ እንክፈለው ያለ ግን እስካሁን አልተነሳም። ቢቆፍሩት ከአንድ ክንድ በታች ድንጋዩ አለ፤ ደባልቄም ከዚያ ሥር ነው። ድንጋዩ መቼ በስብሶ ያልቃል ብሎ ለሚጠይቅ ባልቴቶቹ ዝናቡን ጠይቀው ይሉታል።

በቀይ አፋፍ እስከ ዛሬ ማለዳ ሲነጋ ሰው ከጎረቤቱ ደጅ ሄዶ በስሙ ይጣራል፤ አቤት ሳይባል አይመለስም። እንግዳ ሰው፣ ጭሳቸው እየታየ በጠዋት ምን ያስጮሃችኋል፣ ብሎ ሲጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው።

«ጭሱማ ያኔም ነበረ።»