የጠለፋዋ ጊደር

በአንድ ወቅት፣ ተረት ነው ብላችሁ እንዳታንቀላፉብኝ፣ የሻረግ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የሚኒስትሪ ፈተናዋ ሲቃረብ ስማቸው የሚባል ጎረምሳ ሊጠልፋት አሰበ። አባቱማ ገና ልጅቷ ሳትነካ ለእርቅ የምትሰጥ ጊደር ገዝቶ በሩ ላይ አሰረ! ሠርግ የለ፣ ድግስ የለ፤ አገሩ ጊደሯን እያየ ነገሩን አወቀ። ጉድ እኮ ነው! የትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ መምህርትም ፖሊስ ልትጠራ ወደ ወረዳው ገሰገሰች።

እስክትመለስ ማን ይጠብቅ? የሻረግ ቢጫ ጃንጥላ ነበራት፤ ጠላፊዎቹ የሚለዩዋት በሱ ነው። የክበቡ ልጅ እንጉዳይ፣ ደልደል ያለችው ጓደኛዋ፣ «ጃንጥላውን ወዲህ በይ» አለቻት።

«አንቺን ቢወስዱሽስ?»

«እኔን የሚሸከም ጀግና ከተገኘ እናያለን!»

ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጃንጥላውን ዘርግታ ብቻዋን በወንዙ መንገድ ሄደች። የሻረግ በሌላ በኩል ከልጆቹ ጋር ለፈተናዋ ትምህርት ቤት ገባች። እንጉዳይን ግን አፈፍ አደረጓት።

የስማቸው እናት እሜት ዳሳሽ፣ በልጅነታቸው ተጠልፈው የተዳሩ ሴት ናቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት ልጃቸው ቁርሱን ሲበላ የሚጋልባትን በቅሎ የኮርቻ ጠፍር በቢላ ቆርጠው ቆርጠው በቀጭኑ እንዲንጠለጠል ተዉት። «በኔ ይብቃ» አሏት በቅሎዋን። ስማቸው እንጉዳይን አፈናጥጦ ሊጋልብ ሲል ጠፍሩ ተበጥሶ ኮርቻው ዞረ። ሙሽራው ጭቃ ውስጥ፣ እንጉዳይ በላዩ! እግሩን ጠምጥማ ይዛ አልለቅም አለች።

ጓደኞቹ በሸክም ሊወስዷት ሲታገሉ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ጫኔ ከኮረብታው ላይ አዩ። የእድር ጥሩምባ የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው። ያለ ሞት የነፋ ከእድር ይባረራል፤ ሲሞትም ቀባሪ የለውም። ጋሽ ጫኔ ነፉት። አገሩ አካፋና ዶማውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! እስክትሞት ልጠብቅ እንዴ?»

ያን ሁሉ አካፋ ሲያዩ ጓደኞቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። ስማቸውንም ፖሊስ ደርሶ ወሰደው።

እድርተኛው ተሰበሰበና፣ «የአባቱ ጊደር በካሳ ተወስዳ የሻረግን ላዳናት ሰው ትሰጥ፤ የሻረግ ራሷ ትምረጥ» አለ። እዚያው ጭቅጭቁ ጦፈ። «ጃንጥላው ባይቀየር ዛሬ የሻረግ የት ነበረች?» አሉ ተማሪዎቹ። «እሜት ዳሳሽ ጠፍሩን ባይቆርጡት በቅሎዋን ማን ይደርስባት ነበር?» አሉ እናቶቹ። «ጥሩምባው ባይነፋ ማን ይመጣ ነበር?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

የሻረግ ፈተናዋን ጨርሳ እየሳቀች መጣችና የጊደሯን ገመድ ያዘች። ከፊቷ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። እንጉዳይ ራሷን ሰጥታላታለች። እሜት ዳሳሽ የወለዱት ልጅ ታስሮባቸዋል፤ ማታ የሚገቡትም እዚያው ጊደሯን ከገዛው ባላቸው ቤት ነው። ጋሽ ጫኔ ከእድር ይሰረዙ አይሰረዙ ገና አልተወሰነም።

እሷም ቢጨንቃት ገመዱን እንደያዘች ወደናንተ ዞራለች። በሉ እንጂ፣ ለማን ትስጠው?