በአጥሩ ጥግ የበቀለው እንሰት

አንድ የእንሰት ገበሬ ነበር፤ ስሙ አመርጋ ይባላል። ሚስቱ ባንቺወሰን ሞታበት ከአንዲት ልጁ ከውድነሽ ጋር ይኖር ነበር።

እንሰትን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማስረዳት ይኖርብኛል። የእንሰት ገበሬ ዘር አይዘራም። ከእንሰቶቹ አንዱን መርጦ ግንዱን ከሥሩ በላይ ይቆርጥና፣ መሬት ውስጥ የቀረውን ወፍራም ሥር ልቡን ፈልፍሎ አውጥቶ መልሶ አፈር ያለብሰዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከተቀበረ ሥር ዙሪያ ሃምሳም መቶም ቡቃያ ይወጣል። እነዚህ ቡቃያዎች አባት የላቸውም። በቅጠል፣ በቁመት፣ በጣዕም ቁርጥ እናታቸውን ናቸው። እንሰት ቢተዉት አብቦ ያፈራል፤ ንብና የሌሊት ወፍ ከሌላ እንሰት የአበባ ዱቄት ያመጡለትና ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ይይዛል። ግን ማን እስከዚያ ይጠብቃል? ገበሬው ቀድሞ ቆርጦ ይበላዋል።

ባንቺወሰን ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከእናቷ ጓሮ አንድ ችግኝ ይዛ መጥታ ነበር። እሱን ከሥሩ እያባዛች፣ ከጎረቤትም እየተለዋወጠች፣ ዘጠኝ ዓይነት እንሰት አሰባጥራ ተከለች። አንዱ ለቆጮ፣ አንዱ ለቡላ፣ አንዱ አጥንት ለተሰበረ ሰው። አንድ ልማድም ነበራት። እንሰት ከመቁረጧ በፊት ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሁሉ ግንዱን በመዳፏ ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ ታደርገዋለች። አመርጋ በዚህ ይስቅባት ነበር። ከሞተች በኋላ ግን ከሁሉ በላይ የናፈቀው ይህንኑ ነው።

በሞተች በዓመቱ ያንን የሙሽርነቷን እንሰት ሥር ቀበረ። መቶ ቡቃያ ወጣለት። ሌሎቹን ስምንት ዓይነቶች በየተራ እየነቀለ በቦታቸው የእሷን ተከለ። በአምስተኛው ዓመት ጓሮው አራት መቶ እንሰት ነበረው፤ እውነቱን ከተናገርን ግን የነበረው አንድ እንሰት ነው፣ አራት መቶ ቦታ የቆመ።

ጎረቤቱ እትዬ ሽታዬ፣ መንደሩ ስለ እንሰት የሚጠይቃቸው ባልቴት፣ የቀይ እንሰታቸውን ችግኝ ይዘው መጡ።

«እንካ፣ ቀላቅል። ባንቺወሰን ስትቀላቅል ነው የኖረችው።»

«ተዉኝ እትዬ። እዚህ ጓሮ ከእሷ ሌላ አልፈልግም።»

እውነት ለመናገር ተጽናንቶ ነበር። ቤት ውስጥ ያጣትን ሴት ጓሮ ሞልታ ያገኛታል። ያወራላት ነበር። ንፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይንሿሿል፤ ያ ድምፅ ግን መልስ አይደለም። አውርቶ አውርቶ ሲገባ ከመውጣቱ በፊት ከነበረው የባሰ ብቻውን ይሆን ነበር።

ክፋቱ፣ ከእንሰቱ የለመደውን ከልጁም ፈለገ። ውድነሽ የእናቷን ሻሽ እንድታስር፣ እንደ እናቷ በቀስታ እንድትናገር ይፈልጋል። ልጅቷ ግን ድምፀ ትልቅ ናት፤ በዚያ ላይ እንደ አባቷ ግራኝ ናት። ራሱ በግራው እየበላ ቢላዋውን ከግራ እጇ ነጥቆ በቀኟ ያስይዛታል።

«እናትሽ እንዲህ አልነበረችም» አላት አንድ ቀን።

«አባ፣ እናቴን ከፈለግክ ጓሮ ሂድ። እኔ የመጣሁት ከሁለታችሁ ነው።»

በዚያው ሰሞን በአጥሩ ጥግ ማንም ያልተከለው እንሰት በቀለ። ከዓመታት በፊት እዚያ ተረስቶ ካበበ እንሰት የወደቀ ፍሬ መሆን አለበት። ቅጠሉ የባንቺወሰንን እንሰት ይመስላል፤ የቅጠሉ መሀል ጅማት ግን እንደ እትዬ ሽታዬ እንሰት ቀይ ነው። አመርጋ ዶማውን አነሳ።

«ይሄ ቁርጥ እሷን አይደለም» አለ።

«ለእኔ ስትል ተወው» አለችው ውድነሽ። ተወው። አልኮተኮተለትም፣ ፍግም አልሰጠውም።

ውድነሽ ወንዝ ማዶ አገባች። ስትሄድ ከእናቷ እንሰት አንድ ችግኝ ብቻ ጠየቀችው፤ ሰጣት። ስትሰናበተው ግን እንዲህ አላት፦ «እናትሽ ብትሆን ትታኝ አትሄድም ነበር።» ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም፤ እሱም ወንዙን አልተሻገረም። አራት ዓመት ሙሉ የአመርጋን በር የሚያንኳኳ ከእትዬ ሽታዬ በቀር አልነበረም።

ከዚያ አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ወደ አገሩ ገባ። የመሀለኛው ቅጠል ይጎብጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ነገር ያወጣል። እትዬ ሽታዬ ከአሥር ዓይነት እንሰታቸው አራቱ ወደቁባቸው፤ ስድስቱ ቆሙ። የአመርጋን ጓሮ ግን በሽታው አንድ ጊዜ መግቢያውን ካወቀ በኋላ የሚያስቆመው አላገኘም። አንዱን የገደለ አራት መቶውንም ገደለ። በሦስት ወር ውስጥ ጓሮው ባዶ ሆነ፤ ያ የቅጠል ድምፅም ጠፋ። አመርጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሚስቱ ዛሬ የሞተች ያህል አለቀሰ። ክረምቱን የሚበላው እንኳ አልቀረለትም።

በአጥሩ ጥግ ያለው ብቻ ቆሞ ነበር።

እትዬ ሽታዬ መጥተው አዩት። «የእሷ ልጅ ነው፤ ግን ቁርጥ እሷን አይደለም። የቆመው ለዚህ ነው» አሉ።

«ከፍሬ የበቀለ ሁሉ እንዲህ ይጠነክራል?»

«ኧረ ወዲያ! አብዛኛው የማይረባ ነው። ምን ሆኖ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ከተቀበረ ሥር የሚወጣውን ግን ሳይወጣ ታውቀዋለህ። በሽታውም አወቀው።»

አመርጋ በማግስቱ ወንዙን ተሻገረ። በሽታው በስለት ስለሚተላለፍ ቢላዋውን ቤት ትቶ፣ ባዶ እጁን፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ የልጁ ደጅ ደረሰ። ውድነሽ ከጓሮ ነበረች፤ አላየችውም። አንድ እንሰት ልትቆርጥ ቢላዋዋን ከጎኗ አስቀምጣለች። እጇን ዘረጋችና ግንዱን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገችው። በግራ እጇ።

እጁ የእሱ ነበር፤ ቸብታው የባንቺወሰን። ስንት ዓመት ጓሮ የፈለጋት ሴት፣ እሱ ራሱ ልጁን ሊያስተዋት በደከመበት እጅ ላይ ነበረች። አመርጋ መሬት ተቀመጠ።

ውድነሽ ዞር ስትል አየችው። «አባ? ምነው፣ አመመህ?»

«እንሰቱ አለቀ።»

«ሁሉም?»

«ያንቺ ቀረ፤ የአጥሩ ጥጉ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። በጣቷ አሳየችው፤ በሰባት ዓይነት እንሰት መሀል የእናቷ እንሰት ቆሟል። «ከሱ ቀብሬ ቡቃያ አወጣልሃለሁ» አለችው።

«ሁለት ይበቃኛል» አላት። «ከሌላውም ስጪኝ።»

«ከየትኛው?»

«ከማላውቀው።»

ሕይወት ያለው ነገር የሚቀጥልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ለብቻ ራስን መድገም ነው፤ ፈጣን ነው፣ መልካሙን ሳይለውጥ ያቆያል፤ ሁሉ አንድ ስለሆነ ግን አንዱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። ሁለተኛው ሁለት ይጠይቃል፤ ያዘግማል፣ ብዙ ጊዜም ያሳፍራል፤ ግን ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ያመጣል። ለእንሰት ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። ለሰው የተሰጠው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ እኛ ግን ልጆቻችንን በአንደኛው ልናሳድጋቸው እንታገላለን፣ ከዚያም ቤቱ ጭር ሲልብን ምን አጠፋን እንላለን።

እናንተስ ልጃችሁን ስታዩ የምትፈልጉት ማንን ነው? ያንን ሰው ስትፈልጉ ሳታዩት የቀራችሁትስ ማንን ነው?