አያ ጅቦ ሎሌውን ያሰናበተ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ አርባ ቀን ሳያባራ ዘንቦ ዓሣ ዛፍ ላይ ጎጆ በሠራበት ክረምት፣ አንድ አህያ እየሮጠ ዋሻ ገባ። ውስጥ ማን እንዳለ ያየው ከገባ በኋላ ነው። አያ አንበሶ መሐል ላይ ተዘርግቷል፤ እመት ቀበሮ ጥግ ይዛለች፤ አያ ጅቦ ደግሞ ወዲያው ተነሥቶ በሩ ላይ ተጋደመ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አህያው መቆም አቃተው። ጆሮው እንደ ወፍጮ ይዞራል፤ እግሩ መሬት ይጭራል። የጫረው ጉድጓድ ኋላ ሐይቅ ሆኖ ሰው በታንኳ ይሻገረው ነበር ብላችሁ አታምኑኝም፤ ተዉት።

ደግነቱ አንበሳው በልቶ የጠገበ ነበር። የያዘው ረኃብ ሳይሆን መሰልቸት ነውና ጨዋታ አመጣ። ተጫዋቹ በሐሳቡ ጠንቋይ ይሆናል። አንበሳው ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ስለሚጠብቀው ቤተ መንግሥት ይተርካል፤ ጠንቋዩ ምን እንደሚያደርግ ተናግሮ የበግ ቁርጭምጭሚት ይወረውራል። አጥንቱ በጀርባው ከወደቀ ያሰበው ይሳካለታል፤ በሆዱ ከወደቀ ይከሽፍበታል። ዘንዶው ሲሞት ጨዋታው ያልቃል። ለየጠንቋዩም አንድ አንድ ሎሌ እንስሳ ይሰጠዋል። ቀበሮ ጉንዳን መረጠች። ጅብ ዙሪያውን ቃኝቶ አህያውን መረጠ፤ ለምን ቢሉት፣ ወፍራም ስለሆነ ነው አለ።

አንበሳው ሕጉን ደነገገ። ሎሌ ጌታውን ይታዘዛል፤ አይናከስም፣ አይራገጥም። ጌታው ሲፈልግ ሊያሰናብተው ይችላል። ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ጨዋታው ውስጥ ያለ ሁሉ ከዋሻው አይወጣም፤ እርስ በርስ መበላላትም የለም። ይህን ብሎ መዳፉን አለቱ ላይ ቢያሳርፈው አለቱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ተጀመረ። ጅብ ምን ታደርጋለህ በተባለ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ እበላዋለሁ። በሩን ምን ታደርገዋለህ? እበላዋለሁ። ድልድዩንስ? ድልድዩንም። ቁርጭምጭሚቱን ሦስት ጊዜ ከጉሮሮው አወጡት። የሚገርመው፣ አጥንቱ ሁልጊዜ በጀርባው ይወድቅለታል። በሦስተኛው ቀን ከዘንዶው ሰባት ራሶች የቀረው አንድ ብቻ ሆነ።

አንድ ራስ በወደቀ ቁጥር አህያው ከቆዳው ላይ አንድ ሙዳ የተቆረጠ ይመስለው ነበር። ዘንዶው ሲሞት ሕጉም ይሞታል። በልቡ ለዘንዶው ዕድሜ ይለምናል፤ እግሩ ይጭራል፤ ቀበሮ እባክህ አርፈህ ቁም ትለዋለች።

ቀበሮም የራሷ ጭንቀት ነበረባት። በሦስት ቀን ውስጥ የአንበሳው ሆድ ጎድሏል። ወደ ጅብ ተጠግታ ሹክ አለችው፤ ጨዋታው ካለቀ አህያው የአንበሳው ነው፣ ለእኛ የሚተርፈን ሰኮናው ነው አለችው።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እመት ቀበሮ?» አለ ጅብ፣ ለሐጩ እየወረደ።

«አሰናብተው። የተሰናበተ ሎሌ ከጨዋታው ውጪ ነው፤ ከጨዋታው ውጪ የሆነ ደግሞ ይበላል። ለምክሬ ጉበቱ ይበቃኛል።»

አህያው በዚያ በሚዞር ጆሮው ሁሉንም ሰማ። ሕጎቹን አንድ በአንድ በሐሳቡ አመላለሰና፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ሰብስቦ ቆመ።

ጅብ ከበሩ ሳይነሣ አንገቱን አሰገገ። «ሎሌዬ ሆይ፣ አሰናብቼሃለሁ። በል ቀረብ በል።»

«አንድ ጊዜ፣ ጌታዬ» አለ አህያው፤ ወደ አንበሳው ዞሮ። «አሁን ሎሌ ነኝ?»

«አይደለህም።»

«የሎሌ ሕግ አይመለከተኝም?»

«አንዱም አይመለከትህም» አለ አንበሳው፣ ነገሩ ጥሞት።

አህያው ለጅብ ጀርባውን ሰጠ። ጅብ ለመበላት የተመቻቸለት መስሎት አፉን ከፈተ። ርግጫው እዚያው አፉ ላይ አረፈ። ድምፁ ሦስት ወረዳ ተሰምቶ ገበያ ተፈታ፤ ጅብ ከበሩ አለት ነጥሮ ዋሻውን በአየር አቋርጦ ከኋለኛው ግድግዳ ላይ እንደ ቆዳ ተለጠፈ። አህያው ደጅ ወጥቶ በዝናቡ ውስጥ ጋለበ።

ጅብና ቀበሮ ተከትለው ሊወጡ ሲሮጡ የአንበሳው ሁለት መዳፎች በሁለቱ ጭራ ላይ አረፉ።

«ወዴት?» አለ አንበሳው። «እናንተ እኮ ጨዋታው ውስጥ ናችሁ። ዘንዶው ገና አንድ ራስ አለው። አያ ጅቦ፣ ተራው ያንተ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ደካማውን ለመብላት ብሎ ሕግ የሚፈታ ሰው፣ ያው ሕግ ሲፈታ የደካማውም እግር አብሮ እንደሚፈታ ማወቅ እንዳለበት ነው።